ለድምፃዊ ማጀብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰርግ፣ በአዝማሪ ቤት፣ በሆቴል መድረክና በመዘምራን መካከል ለድምፃዊ የሚጫወቱ ሰዎች ዘወትር የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። አብዛኛው መልስ ኪቦርድን ይመለከታል፤ ዛሬ ብዙውን የማጀብ ሥራ የተሸከመው እሱ ነውና። ለክራርና ለመሲንቆ የሚሆነውን በየቦታው ጨምረናል። የኖታ ስም ስንጠራ «ሲ» የምንለው ጥንድ ከሆኑት ጥቁር ቁልፎች በስተግራ ያለውን ነጭ ቁልፍ ነው፤ ከእሱ በፊት ያለው ነጭ «ቢ» ይባላል። ከ«ሲ» ወደ ቀኝ ያሉት ነጮች ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። ከአንድ ቁልፍ እስከ ቅርቡ ቁልፍ፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ያለው ርቀት «ግማሽ ድምፅ» ይባላል፤ «ፍላት» ማለትም አንድ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው።

አጃቢ ከአቀናባሪ በምን ይለያል?

አቀናባሪ ሥራውን የሚጨርሰው መድረኩ ከመከፈቱ በፊት ነው። መግቢያው ስንት ዙር እንደሚሄድ፣ ሳክሱ የት እንደሚገባ፣ ቤዙ ምን እንደሚመታ ቁጭ ብሎ ይወስናል። አጃቢ ግን የሚወስነው ድምፃዊው አፉን በከፈተ ቅጽበት ነው። ድምፃዊው ትንፋሽ ሲያጥረው ቦታ ይለቃል፣ ስንኝ ሲዘነጋ ዙሩን ያራዝማል፣ ድምፁ ሲደክም ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ ያስነሳል። በትንንሽ ቡድኖች ሁለቱንም የሚሠራው አንድ ሰው ስለሆነ ስሙ ይደባለቃል እንጂ ችሎታው ለየቅል ነው። ጎበዝ አቀናባሪ ሆኖ መድረክ ላይ ድምፃዊ መከተል የሚያቅተው ሰው አለ፤ ኖታ ጨርሶ ሳያነብ በማጀብ የተመሰገነም አለ።

ድሮ ድምፃዊ የሚታጀበው በምን ነበር?

ከሁሉ የቆየው ራስን በራስ ማጀብ ነው። አዝማሪ መሲንቆውን፣ ክራር ተጫዋች ክራሩን ይዞ ይዘፍናል። ታዋቂው የነሐስ መሣሪያ ጓድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ የአርመን ወጣቶች ጋር ነው፤ ሲያስተምራቸውና ሲመራቸው የነበረው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ የሀገር ፍቅር ቴአትር ሙዚቀኞችም ድምፃውያንን ማጀብ ቋሚ ሙያ አደረጉት። በሆቴሎች ዘመን ዋልያስ ባንድ ሂልተን፣ አይቤክስ ባንድ ደግሞ ራስ ሆቴል ይጫወቱ ነበር። በካሴት ዘመን ሮሃና ዳህላክ ባንድ ለብዙ ድምፃውያን ካሴት ተጫውተዋል። በእነዚያ ካሴቶች ላይ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝና የሰላም ስዩምን ጊታር ለብቻ ነጥሎ ማዳመጥ ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ሁለቱም ድምፃዊው በሚዘፍንበት ጊዜ ምን ያህል ጥቂት እንደሚጫወቱ ልብ በሉ።

እየቆየ የትራምፔቱንም የሳክሱንም የከበሮውንም ቦታ አንድ ኪቦርድ ያዘ። ወጪው ቀነሰ፤ የአጃቢው ሸክም ግን አምስት ሰው ይካፈለው የነበረው ሆነ።

የዘፈኑን ቅኝት በምን አውቃለሁ?

ቅኝት ዘፈኑ የሚሄድባቸው አምስት ድምፆች ስብስብ ነው። መጀመሪያ ዘፈኑ የሚያርፍበትን ድምፅ ፈልጉ። አዝማቹ ሲያልቅ ድምፃዊው የሚቆምበት፣ ከዚያ ወዲያ መቀጠል የማያስፈልገው የሚመስለው ድምፅ ቤቱ ነው። ቤቱን «ሲ» ላይ ብናደርገው ቅኝቶቹ እነዚህን ድምፆች ይይዛሉ፦

ትዝታ ሜጀር፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ
ትዝታ ማይነር፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት
ባቲ ሜጀር፦ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ
ባቲ ማይነር፦ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት
አምባሰል፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት
አንቺሆዬ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ«ሲ» የተነሳ አምባሰልና ከ«ኤፍ» የተነሳ ትዝታ ማይነር አምስቱንም ድምፅ ይጋራሉ። እንደዚሁ ከ«ሲ» የተነሳ ባቲ ማይነርና ከ«ኢ ፍላት» የተነሳ ትዝታ ሜጀር አንድ ዓይነት ቁልፎች ናቸው። ልዩነቱ የማረፊያው ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልፎቹን ለይቶ ማወቅ አይበቃም። አምባሰል ለሚዘፍን ሰው የቤዝ ድምፃችሁ «ኤፍ» ላይ እየተመለሰ ካረፈ አንድም የተሳሳተ ቁልፍ ሳትነኩ ዘፈኑን ወደ ትዝታ ትጎትቱበታላችሁ። ድምፃዊውም «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» ይላል እንጂ ምን እንደሆነ መናገር ያቅተዋል።

የትኛውን ኮርድ የት ላድርግ?

ቅኝቶቻችን የተሠሩት በኮርድ አይደለም፤ የዜማ መስመር ናቸው። ሦስት ድምፅ በአንድ ላይ ስትጫኑ አንዱ ከቅኝቱ ውጭ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ውጭ የሆነው ድምፅ ደግሞ ዘፈኑን ወዲያው የሌላ አገር ያስመስለዋል። ጥሩ መነሻ የሚሆነው ድምፆቹ በሙሉ ከቅኝቱ የተገኙ ኮርዶችን ማወቅ ነው።

በትዝታ ሜጀር ከ«ሲ» ስትነሱ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ሙሉ በሙሉ ውስጥ ናቸው። ብዙዎች የሚለምዱት ጂ ሜጀር ግን «ቢ»ን ይዞ ይገባል። አዝማቹ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ቢመጣ ያስኬዳል፤ በየስንኙ ከተደጋገመ ግን ትዝታው ይጠፋል። በትዝታ ማይነር ሲ ማይነርና ኤ ፍላት ሜጀር፣ በባቲ ሜጀር ሲ ሜጀርና ኢ ማይነር፣ በባቲ ማይነር ሲ ማይነርና ኢ ፍላት ሜጀር አሉላችሁ።

አምባሰል ይለያል። ዲ ፍላት ሜጀርና ኤፍ ማይነር ከቅኝቱ ውስጥ ይገኛሉ፤ በራሱ ቤት በ«ሲ» ላይ ግን ሜጀርም ማይነርም መሥራት አይቻልም፤ «ኢ»ም «ኢ ፍላት»ም በቅኝቱ የሉምና። ስለዚህ ቤቱ ላይ ስታርፉ «ሲ» እና «ጂ»ን ብቻ ያዙ። ባዶ ይመስላል፤ ግን ትክክሉ እሱ ነው።

አንቺሆዬ ከሁሉም ይከብዳል። «ጂ ፍላት» ስላለው «ሲ»ንና «ጂ»ን አንድ ላይ መያዝ እንኳ ከዜማው ጋር ይጋጫል። ኤፍ ሜጀር በቅኝቱ ውስጥ ቢኖርም ቤቱን ወደ «ኤፍ» ይወስደዋል። በአንቺሆዬ በግራ እጅ ነጠላ «ሲ» መያዝ፣ በቀኝ እጅ ዜማውን በስሱ መከተል፣ የቀረውን ለምቱ መተው ከማንኛውም ኮርድ ይሻላል። አንቺሆዬን በኮርድ ለመሙላት የሚደረገውን ጥረት አንደግፈውም።

ኪቦርዳችሁ የስኬል ማስተካከያ ካለው (ብዙዎቹ የያማሃ ፒ.ኤስ.አር. እና የኮርግ ፒ.ኤ. ሞዴሎች አላቸው) እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። መሲንቆ ተጫዋች የሚያወጣው ድምፅ ከኪቦርዱ ጋር በአንድ ቦታ ብቻ የማይገጥም ከሆነ መሲንቆኛውን «አስተካክል» ከማለታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። የቆየው የቅኝት አሰማም ከኪቦርድ እኩል ክፍፍል ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም።

ለድምፃዊው የሚስማማውን ኪይ እንዴት እናገኛለን?

ኪይ ማለት የዘፈኑ ቤት የሚያርፍበት ቁልፍ፣ ማለትም ዘፈኑ የሚዘፈንበት ከፍታ ነው። ከዘፈኑ መጀመሪያ አትነሱ። ድምፃዊው በዘፈኑ ውስጥ ከሁሉ ከፍ የሚለውን ስንኝ፣ ብዙ ጊዜ አዝማቹን ወይም የመጨረሻውን ዙር፣ ያለ መሣሪያ እንዲያዜም አድርጉ። ሳይጨነቅ የደረሰበትን ከፍተኛ ድምፅ በኪቦርድ ፈልጋችሁ ያዙ። ቀጥሎ ዝቅተኛውን ስንኝ አስሙት፤ ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ከወረደ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጉ። በመጨረሻ ከተገኘው ላይ አንድ ግማሽ ድምፅ ቀንሱ። ልምምድ ላይ በሦስት ዘፈን የተገኘ ድምፅ መድረክ ላይ አሥራ አምስተኛው ዘፈን ሲደርስ አይገኝም።

ወንድ የዘፈነውን ሴት ስትወስደው ኪዩ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ግማሽ ድምፅ ይዛወራል፤ ይህ መነሻ ግምት ነው፣ የሚወስነው ጉሮሮው ነው። የተገኘውን ኪይ ከዘፈኑ ርዕስ ጎን በወረቀት ጻፉ። ስልክ ላይ የተጻፈ መድረክ ላይ ባትሪው ያልቃል።

የትራንስፖዝ ቁልፍ መጠቀም ነውር ነው?

ትራንስፖዝ ጣት ሳይዛወር የሚሰማውን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ ነው፤ መጠቀሙ ነውር አይደለም። አደጋው ግን ብዙ ነው። ዋነኛው ወደ ዜሮ መመለስ መርሳት ነው፤ ቀጣዩ ዘፈን ሲጀመር እናንተ በአንድ ኪይ፣ ቤዝ ጊታሩ በሌላ ትገኛላችሁ። ሁለተኛው ለሌሎች ሙዚቀኞች የምትናገሩት ስም ነው። ጣታችሁ «ሲ» ላይ ሆኖ ትራንስፖዙ ሲደመር ሦስት ከሆነ የሚሰማው «ኢ ፍላት» ነው፤ ለጊታሩ መንገር ያለባችሁ የሚሰማውን ነው። ሳክስ ካለ ሌላ ስሌት ይጨመራል። የሚሰማው «ሲ» ሲሆን አልቶ ሳክስ «ኤ»፣ ቴነር ሳክስና ትራምፔት «ዲ» ይጫወታሉ።

ሁሉንም ቅኝት ቢያንስ ከአራት የተለያዩ ቤቶች ያለ ትራንስፖዝ መጫወት ተለማመዱ። ቁልፉ የማይሠራበት ወይም የምትነኩበት ጊዜ የማይኖርበት ቀን ይመጣል።

መግቢያው ምን ያህል ይርዘም?

ድምፃዊው የሚነሳበትን ድምፅ እስኪሰማና ምቱ እግሩ ውስጥ እስኪገባ። ለአብዛኛው ዘፈን አራት ወይም ስምንት ባር (የምቱ አንድ ሙሉ ቆጠራ አንድ ባር ነው) ይበቃል። ከርዝመቱ በላይ የሚያሳስበው አጨራረሱ ነው። የመግቢያችሁ የመጨረሻ ድምፅ ድምፃዊው የሚነሳበት ድምፅ ራሱ ወይም ወደ እሱ የሚያደርስ ይሁን። ዘፈኑ ከ«ጂ» የሚነሳ ሆኖ መግቢያችሁ «ኤ ፍላት» ላይ ካለቀ ድምፃዊው ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ይገባል፤ ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ደግሞ ድምፃዊውን ነው።

በስንኞች መካከል መቼ ልሙላ፣ መቼ ዝም ልበል?

በአማርኛ ዘፈን የማጀብ ጥበብ ዋናው እዚህ ላይ ነው፤ መልሱ የሚገኘውም ግጥሙ ውስጥ ነው። ብዙ ዘፈን የሚገጠመው በየወል ቤት ነው፤ አንዱ ስንኝ ስድስትና ስድስት ቀለም (የድምፅ ቁራጭ) ሆኖ በሁለት ሐረግ ይከፈላል። ለምሳሌ ያህል እዚሁ የሠራናት መስመር እነሆ፦

«የሩቁን ሳማትር / የቅርቡ ጠፋብኝ»

መሐል ላይ ያለችው ክፍተት ትንሽ ናት። እዚያ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ጣል ቢደረግ ይበቃል፤ ባይደረግም አይጎድልም። ስንኙ ሲዘጋ ግን ድምፃዊው ሙሉ ትንፋሽ ይወስዳል፤ የእናንተ ምላሽ የሚገባው እዚያ ነው፤ ቀጣዩ ስንኝ ከመነሳቱ በፊትም መጨረስ አለበት። ሰንጎ መገን አምስትና አምስት ስለሆነ ክፍተቱ ቶሎ ይመጣል። የወል ቤት የለመደ እጅ ሰንጎ መገን ላይ ሲዘገይና የስንኙን መነሻ ሲረግጥ ይሰማል።

ሁለተኛው ነገር ኅብረ ቃሉ ነው። ሰምና ወርቅ ያለበት ስንኝ የሚታጠፍበት አንድ ቃል አለ፤ አድማጩ ያንን ቃል አጥርቶ ካልሰማ ስንኙ በሙሉ ባከነ። ይባስ ብሎ ትርጉሙ ብዙ ጊዜ የሚለየው በመጥበቅና በመላላት ነው። «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ይህች ጥብቀት ከአንድ ፊደል ርዝመት አትበልጥም። በዚያው ቅጽበት ከባድ ኮርድ ወይም የሲምባል ምት ካረፈ ትጠፋለች። ስለዚህ ከልምምድ በፊት ግጥሙን አንብቡ። ኅብረ ቃሉን አስምሩበት። እዚያ ላይ ቀኝ እጃችሁን አንሱ፤ ግራ እጅና ምቱ ይበቃሉ። ጎበዝ አዝማሪ ወርቁ የሚመጣበት ቃል ላይ መሲንቆውን ሲያሳንስ ልብ ብላችሁ አድምጡት።

ዜማውን ሙሉ በሙሉ ከድምፃዊው ጋር መደረብስ? ለመሲንቆ ባህሉ ነው። መሲንቆ የድምፁን መንገድ ተከትሎ በራሱ ጌጥ ይሄዳል፤ ትንሽ ቀድሞ ትንሽ ዘግይቶ መገኘቱ ውበቱ ነው። ኪቦርድ ላይ ግን የብራስ ወይም የሊድ ድምፅ መርጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መደረብ ድምፃዊውን ይሸፍነዋል። መደረብ ካስፈለገ ለስላሳ ድምፅ መርጣችሁ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጉት።

ምት በሌለው የትዝታ መግቢያ ላይ ድምፃዊውን እንዴት ልከተል?

የስታይሉን (ኪቦርዱ በራሱ የሚጫወተውን ማጀቢያ) ምት አጥፉ። በግራ እጅ ቤቱን ይዛችሁ ቆዩ። የድምፃዊውን ትከሻና ደረት ተመልከቱ፤ ትንፋሽ ሲገባ ታያላችሁ፤ ኮርድ መቀየር ያለባችሁም ቃሉ ካረፈ በኋላ ነው። መቅደም ስህተት ነው፤ መዘግየት ግን እንደ ጌጥ ይቆጠራል። ፔዳሉን በየኮርዱ መልቀቅ አትርሱ፤ በአምባሰልና በትዝታ ማይነር ውስጥ ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ጥንዶች ስላሉ ፔዳል ተረግጦ ሲቆይ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ወደ ምት ሲገባ ማን እንደሚያስገባ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የሚሻለው ድምፃዊው የመጨረሻውን ቃል እንደዘጋ አጃቢው ሁለት ባር ምት ብቻ ሰጥቶ ማስገባቱ ነው።

ጭክችካ ስጫወት ለምን እንደ ሌላ ሙዚቃ ይሰማል?

አብዛኛውን ጊዜ ኪቦርዱ ላይ የተመረጠው ስታይል በአራት የሚቆጠር ስለሆነ ነው። ጭክችካ በ6/8 ይሄዳል፤ ከአንድ እስከ ስድስት ቆጥራችሁ አንድና አራት ላይ ክብደት ታሳርፋላችሁ። ጭብጨባው ደግሞ አንዳንዴ ስድስቱን በሦስት ጥንድ ይከፍለዋል፤ ሁለቱ አከፋፈሎች ሲገናኙ እስክስታው ይነሳል። ከኪቦርዱ ጋር የመጡት የ6/8 ስታይሎች አብዛኞቹ ለሌላ አገር ጭፈራ የተሠሩ ናቸው፤ ጥቂቶቹን ሰምታችሁ ጊታርና ስትሪንግ ትራኮቻቸውን አጥፉ፣ ከበሮና ቤዙን ብቻ አስቀሩ። በትግርኛ ጭፈራ በአምስት የሚቆጠር ምት አለ፤ እሱን በ6/8 መተካት አንድ ምት ስለሚጨምር ጨፋሪውን ያደናቅፋል።

ክራርና መሲንቆ ከኪቦርድ ጋር ሲሆኑ ምን ልብ ልበል?

የሚቃኙት እነሱ ናቸው፤ ኪቦርዱ ባለበት ይቆማል። ክራር ብዙ ጊዜ ስድስት፣ አንዳንዱም አምስት ክር አለው፤ ከአንድ ቅኝት ወደ ሌላ ለመሄድ ክሮቹን ማላላትና መወጠር ያስፈልጋል። ስለዚህ የዘፈን ቅደም ተከተል ስታወጡ በአንድ ቅኝትና በአንድ ኪይ ያሉትን አከታትሉ። ትዝታ ሜጀር፣ ቀጥሎ አንቺሆዬ፣ ቀጥሎ ትዝታ ሜጀር ብሎ የሚደረድር ሰው ክራር ተጫዋቹን ሕዝብ ፊት ሲቃኝ ያቆመዋል።

ክራር በግርፍ (ክሮቹ በአንድ ላይ እየተመቱ) ሲጫወት የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው የሚፈለጉትን ይለቃሉ፤ ድምፁ ከበሮም ጭምር ይሆናል። በዚህ ጊዜ የኪቦርድ ጊታር ድምፅ መጨመር ጭቃ ያደርገዋል። ክራሩ በድርድር (ክሩ አንድ በአንድ እየተነካ) ሲሆን ግን በስሱ የተያዘ ረጅም ድምፅ ከሥሩ ያምርበታል። የመሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ስለሆነ በመድረክ መብራት ሙቀትና በአየሩ እርጥበት ይለዋወጣል፤ በየሁለትና ሦስት ዘፈኑ የቤቱን ድምፅ ቀስ አድርጋችሁ ስጡት፤ ይገባዋል።

ድምፃዊው ኪይ ቢስት፣ ስንኝ ቢዘል፣ ምት ቢያፈጥን?

ኪይ ከሳተ ወዲያው ኮርዱን አንሱ። ምቱ ይቀጥል። የገባበትን ድምፅ በቀኝ እጅ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ፈልጉ፤ ስንኙ ሲዘጋ ወደዚያ ተዛወሩ። ወደ ትክክለኛው ለመመለስ ድምፅ ከፍ አድርጎ መጫን ፀቡን ለሕዝብ ማሰማት ነው። ስንኝ ከዘለለ ተከተሉት፣ አትመልሱት፤ የሚመሩት ቃላቱ ናቸው። ካፈጠነ ስንኙ መሐል አትጎትቱ። ምቱን እሱ ባለበት አድርጉና አዝማቹ ሲያልቅ በሚመጣው የመሣሪያ ዙር ላይ ቀስ ብላችሁ ወደ ቦታው መልሱት።

ለእነዚህ ሁሉ የእጅ ምልክት ተስማሙ። ለምሳሌ ጣት ማሽከርከር «ዙር ጨምር»፣ ጭብጥ «አብቃ»፣ አውራ ጣት ወደ ታች «ግማሽ ድምፅ አውርድ»። የትኛውም ምልክት ይሁን፣ ለጭፈራ ከሚደረግ እንቅስቃሴ ጋር የማይመሳሰል ይሁን።

በአዝማሪ ቤትና በሰርግ ዘፈኑ ማለቂያ ሲያጣስ?

እዚያ ዘፈን የሚለካው በደቂቃ አይደለም። አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል፤ ሌላው ለሽልማት ብር ይዞ ይነሳል፣ ስሙ መወሳት አለበት። የእናንተ ሥራ የሁለት ወይም የአራት ባር ዙር ሳይደክም ማቆየት ነው። ስንኝ በሚሰጥበት ጊዜ ድምፅ እጅግ ቀንሱ፤ ሰጪው የሚለው ለአዝማሪው መሰማት አለበት፤ ያልሰማውን ሊቀበል አይችልም። ስንኙ አርፎ ቤቱ ሲስቅ ያኔ ከፍ አድርጉ። ሰው እየሸለመ ሳለ ዘፈን መቁረጥ ነውር ነው፤ ድምፃዊው ዓይኑን ሳይሰጣችሁ አትዝጉ።

በማይነስ ዋን መዝፈን እያለ አጃቢ ለምን ያስፈልጋል?

ማይነስ ዋን የድምፃዊው ድምፅ የሌለበት የተቀዳ ሙዚቃ ነው፤ ፍላሽ ላይ ያለ ሙዚቃ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ድምፃዊው ቢስል፣ ሽማግሌ ቢመርቅ፣ ሙሽራዋ ቢዘገይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በውጭ አገር በሚደረጉ ትንንሽ ዝግጅቶች ወጪን ይቀንሳልና ጥቅሙን አንክድም። መካከለኛ መንገድ አለ፦ ከበሮና ቤዙን ብቻ ከፍላሽ ማድረግና በላዩ በቀጥታ መጫወት። ይህን ከመረጣችሁ ፋይሉን በድምፃዊው ኪይ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፣ በሁለት ፍላሽ ያዙ፣ ለማንቂያ አንድ ባር የቆጠራ ምት ከፊቱ አስገቡ።

ለመድረክ ምን ይዤ ልሂድ?

ኪቦርድና መቆሚያው፣ አዳፕተር ከነመለዋወጫው፣ ባለ 6.35 ሚሊሜትር ጃክ ኬብል ሦስት (ለስቴሪዮ ሁለት፣ አንዱ መጠባበቂያ)፣ የሰስቴይን ፔዳል፣ አምስት ሜትር ያህል የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ፣ ትንሽ የእጅ መብራት፣ የታተመ የዘፈን ዝርዝር። ሚክሰሩ ሩቅ ከሆነ የዲ.አይ. ሳጥን (የኪቦርዱን ድምፅ ለረጅም ኬብል የሚያመቻች) ያስፈልጋል፤ ተራ ጃክ ኬብል ሲረዝም እምምም የሚል ድምፅ ይሰበስባል።

ኪቦርዱን ስታበሩ እግራችሁ ፔዳሉ ላይ አይኑር። ብዙ ኪቦርዶች የፔዳሉን ዓይነት የሚለዩት በሚበሩበት ጊዜ ስለሆነ፣ ተረግጦ ከተበራ አሠራሩ ይገለበጣል፤ ሳትረግጡ ድምፁ ይንሳፈፋል፣ ስትረግጡ ይቆረጣል። እንደዚህ ከሆነ አጥፍታችሁ አብሩ።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ኪቦርድ እንደገና እስኪነሳ ጊዜ ይወስዳል፤ ያልተቀመጠ ማስተካከያም ይጠፋል። የዘፈኑን ስታይል፣ ድምፅና ትራንስፖዝ አንድ ላይ በሜሞሪ አስቀምጡ፤ ከተቻለ በትንሽ ዩ.ፒ.ኤስ. በኩል አገናኙ። ከአሜሪካ የመጣ ኪቦርድ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ መቀነሻ ከሰካችሁት ይቃጠላል።

በሞኒተራችሁ (ወደ እናንተ በዞረው ድምፅ ማጉያ) ውስጥ ከሁሉ በላይ የድምፃዊውን ድምፅ አስገቡ። የራሳችሁን ኪቦርድ አብዝታችሁ ካስገባችሁ ትክክል እየተጫወታችሁ ከዘፈኑ ውጭ ትሆናላችሁ።

በቤተ ክርስቲያን ማጀብ ልዩነቱ ምንድን ነው?

እንደ ቤተ እምነቱ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ማኅሌት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ እንጂ ኪቦርድ የለም፤ ለመዝሙር ባለ አሥር ክሩ በገና አለ። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኪቦርዱ ጉባኤውን ይመራል፤ መሪው በጸሎት መሐል ያለ ማስጠንቀቂያ መዝሙር ስለሚጀምር መጀመሪያ ኪዩን በነጠላ ድምፅ ፈልጋችሁ ሳታረጋግጡ ኮርድ አትጫኑ። ኪይ ስትመርጡ ደግሞ መለኪያው መሪው ሳይሆን ሕዝቡ ነው፤ ሰልጣኝ ላልሆነ ጉሮሮ ዝቅ ማለት ይሻላል።

ክፍያ ላይ ምን ቀድሞ መነጋገር ይገባል?

የሚጫወቱበት ሰዓት መነሻና መድረሻ፣ ከዚያ ካለፈ በሰዓት ስንት እንደሚጨመር፣ የልምምድ ቀናት ብዛት፣ መጓጓዣና ምግብ፣ ቀብድ፣ የድምፅ መሣሪያውን የሚያቀርበው ማን እንደሆነ። ከሁሉም በላይ ሽልማቱ። ለድምፃዊው ግንባር የሚለጠፈው ብር የእሱ ብቻ ነው ወይስ ይከፋፈላል? ብዙ ቡድን የፈረሰው ይህን ሳይነጋገር መድረክ በመውጣቱ ነው። ሠርጉ ከመድረሱ በፊት በአጭሩ ተጽፎ ሁለቱም ይያዙት።

ብቻዬን ማጀብ እንዴት ልለማመድ?

ድምፅ ብቻ ያለበት ቅጂ ፈልጉ፤ ከጠፋ ዘመድ ወይም ጓደኛ ስልክ ላይ ያለ መሣሪያ እንዲያዜም አድርጉ። በየቀኑ አንዱን ዘፈን ሦስት ጊዜ አጅቡ። በመጀመሪያው ነጠላ ቤዝ ብቻ፣ በሁለተኛው ቤዝና ኮርድ፣ በሦስተኛው በስንኝ መዝጊያ ላይ ብቻ ምላሽ። ሦስቱንም ቅዱና በማግስቱ ስሙት። ግጥሙን ለማያውቅ ሰው አሰሙና የሰማውን ቃል እንዲደግም ጠይቁት፤ መድገም ያቃተው ቦታ ላይ እጃችሁ ምን እያደረገ እንደነበር ተመልከቱ።